አስካለ ያልተናገረችው

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ዘመሮ አጠገብ ስንኖር ነው። ለማንም ሳልናገር የቆየሁት ስለማፍርበት ነው። ልረሳው ግን አልቻልኩም።

ባለቤቴ ተክሌ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበር። እኔን ያገባኝ ከነጻነት በኋላ ነው። ማኅበር ላይ ጠላ ቀመስ ካደረገ የሚያወራው ስለ አንዲት ሴት ነበር፤ ስለ አስካለ። አስካለ ከጣሊያኖች ምሽግ አጠገብ ጠላ እየሸጠች ለአርበኞቹ ወሬ የምታቀብል ውስጥ አርበኛ ነበረች። አንድ ቀን የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ቤቷ ሲጠጣ ውሎ፣ እነተክሌ የተደበቁበት ገደል ሊከበብ መሆኑ ከአፉ አመለጠው። እሷም ጠጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው እያለቀሰች ኬላውን አልፋ ደረሰችላቸው።

«እንደሷ ያለ ሴት አላየሁም» ይላል ተክሌ፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ። ስድስት ልጅ ወልጄለታለሁ። ስለኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

አንድ የገበያ ቀን አስካለ ራሷ ቤቴ መጣች። ተክሌ በግ ሊገዛ ራቤል ሄዶ ነበር። ቆንጆ ትሆናለች ብዬ ስፈራ ኖሬያለሁ፤ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት ቀጭን ሴት ናት። ያም ደስ አላሰኘኝም።

«እህቴ፣ ሰዉ እስከ ዛሬ የጣሊያን ውሽማ ይለኛል» አለችኝ። «ሐሙስ ወረዳ ቀርቤ አርበኝነቴን ላስመሰክር ነው። ከሚያውቁኝ በሕይወት ያለው ተክሌ ብቻ ነው። እባክሽ ንገሪልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ተክሌ ማክሰኞ ተመለሰ። አልነገርኩትም። ሐሙስ ገብስ ሲወቃ ዋለ። ውሃ ባቀበልኩት ቁጥር ነገሩ አፌ ላይ ይመጣል፤ መልሼ እውጠዋለሁ።

በሳምንቱ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። አስካለ ምስክር አጥታ፣ ሰው እየሳቀባት ከወረዳ መመለሷን ገበያ ላይ ሰምቶ፣ ቀየት መንደር ያለው ቤቷ ድረስ ሄዶ ነበር።

«ለምን አልላክሽብኝም ብላት፣ ላስቸግርህ አልፈለግሁም አለችኝ» አለ።

እኔን አላነሳችኝም። በአንድ ቃል ትዳሬን ልታናጋው ትችል ነበር። ቅናቴ ያኔ የበረደ እንዳይመስላችሁ፤ ባሰብኝ። በዚህም በለጠችኝ አልኩ። ሁለት ቀን ሥራ እየፈለግሁ ከፊቱ ሸሸሁ።

በሦስተኛው ቀን «መጥታ ነበር። ሳልነግርህ የቀረሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

 ወጥቶ በቅሎውን ጫነና «ተነሽ፣ ራስሽ ትነግሪያታለሽ» አለኝ።

አስካለ ስታየኝ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «እኔም ወጣት ሆኜ ባል ነበረኝ» አለችና ወሬ ቀየረች። ተክሌ ወረዳ ቀርቦ መሰከረላት። ስቀውባት ከነበሩት አንዳንዶቹ ተነስተው እጅ ነሷት።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ስሟ ሲነሳ አሁንም ልቤን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ተክሌ ስላመሰገናት አይደለም። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ተክሌ «ለምን አልላክሽብኝም» ሲለኝ ሁሉንም እነግረው ነበር።