በባለቤታቸው በኩል

ጎጃም በረንዳ ሚዛን በምሸጥበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ መጥተው አምስት ኪሎ የሚመዝን የሚዛን ብረት ጠየቁኝ።

«ምን ሊመዝኑበት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልመዝንበት አይደለም። አሙቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ውስጥ ላስገባው ነው። በባለቤቴ በኩል በጣም ይቀዘቅዛል። ባለሁለት ኪሎውን ሞክሬው ቶሎ በረደብኝ።»

ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ፊዚክስ አስተምር ስለነበር ዝም ብዬ መሸጥ አልሆነልኝም። ብረት ቶሎ ግሎ ቶሎ እንደሚበርድ፣ ያንኑ ያህል የሚመዝን ውሃ ግን በብዙ እጥፍ የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ ቀስ ብሎ እንደሚቀዘቅዝ ነገርኳቸው።

«ብረት የሚያህል ነገር በውሃ ይበለጣል?» አሉ። እንዳላመኑኝ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ሚስታቸው በብርድ የሚሰቃዩ መስሎኝ አንጀቴን ስለበሉት፣ ከጎረቤት ሱቅ የሙቅ ውሃ መያዣ የጎማ ከረጢት ገዝቼ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ሊያመሰግኑኝ መጡ። ውሃው እስኪነጋ ለብ እንዳለ ይቆያል አሉኝ።

ደስ አለኝና «ታዲያ እትዬ ተሻላቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሷማ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ በእንቅልፌ እጄን ስዘረጋ ቦታዋን ቀዝቅዞ እያገኘሁት የምነቃው።»