የጤናዬ ባዶ ጉድጓድ

ጤናዬ ቀራንዮ ሰፈር የመጣችው ድሃውን ከብክነት ልታድን ነው። የላካት የወይዛዝርት በጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ ከግብዣቸው ተርፎ የሚደፋው አንድ ሰፈር ይመግባል። በዝባዡ መደብ ለጭቁኑ ቁጠባ የሚያስተምርበት አገር ደግሞ ከኛ ሌላ የለም።

ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ሰፈሩ የሚጥለውን ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅም፤ እመቤቶቹ መጥተው አይተው ይመክራሉ። ጉድጓዱ ባዶ ከተገኘ ጤናዬ አልሠራችም ማለት ነውና ትባረራለች። እናቷን የምታበላ ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ሰነበተ፤ ባዶ ነው። ጤናዬ እትዬ ዋጋነሽ ቤት ገብታ ውሃ ቀረበላት።

«እትዬ፣ የድንች ልጣጭ የት ነው የሚጥሉት?»

«በጓ ምን ትብላ ታዲያ?»

«አመዱንስ?»

«ዕቃ በምን ልጠብ?»

«የቲማቲሙን ጣሳስ?»

«ይኸው፣ እየጠጣሽበት።»

ግራ ቢገባት ማኅበሩ አስተምሪ ወዳላት ሁለተኛ ትምህርት፣ ተፈጥሮን ወደ ማድነቅ ዞረች። የእትዬ ዋጋነሽን ጎረቤት ጋሼ ቡልቻን ከባሕር ዛፋቸው ፊት አቆመቻቸው። አንጋጠው ብዙ ቆዩ።

«ምን ተሰማዎት?»

«ለቤት ወራጅ ደርሷል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ፣ ያ ዳር ያለው ጠማማ ነው።»

እመቤቶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ጤናዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እትዬ ዋጋነሽ ነገሩን ሰምተው ጎረቤት ጠሩ። «ልጅቷ እንጀራዋን ልታጣ ነው፤ ቆሻሻ አዋጡ» አሉ።

ሰው ተያየ። ለለቅሶ አዋጥቶ ያውቃል፤ ቆሻሻ ግን ከየት ያመጣል? ጋሼ ቡልቻ ባርኔጣቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ። አንዷ ደህና ሰሌን ጨመረች። እትዬ ዋጋነሽ፣ ጥላሸቱ ያረጀ ያስመስለዋል ብለው፣ ብረት ድስታቸውን ከነክዳኑ አወረዱ።

በማግስቱ እመቤቶቹ በመኪና መጡ። ምንም በማይሸት ጉድጓድ ላይ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ቆሙ።

«ከነክዳኑ ይጥሉታል» አሉ ሊቀመንበሯ። «ድህነት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንቺ ልጅ፣ በርቺ፤ ገና ብዙ ሥራ አለብሽ። በየወሩ እንመጣለን።»

መኪናዋ ሄደች። ጤናዬ ባለችበት ቀረች። ሰፈሩ ሲቆጥብ ልትባረር ነበር፤ አባካኝ ሲመስል በርቺ ተባለች። የቱን እንዳስተማረች ልትጠይቅ ፈለገች፤ የሚጠየቅ ሰው ግን አልነበረም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ባርኔጣውን፣ ሰሌኑን፣ ድስቱን እያራገፈች ለየባለቤቱ አቀበለች።

«ሌላ ጊዜ ሲመጡ ቀደም አድርገሽ ንገሪን» አሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ ድስታቸውን እየተቀበሏት። «የዛሬው ምሳ ገና አልተጣደም።»