አንድ ሚሊዮን አንድ

መምህራችን ተሳስቶ ነበር ወይስ እያወቀ ነው የተወልን? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የጠመኔ ብናኝ በሸተተኝ ጊዜ ጥያቄው ይመለሳል።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ቦታው የኮምቦልቻ ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ከሥራ ወጥተን በአሥር ሰዓት እንገባለን፤ ከሐረጎ ዳገት የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች የፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል ከቆጠርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ።

መምህሩ፣ ከደሴ የመጣ ቀጭን ወጣት፣ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሲያስረዳን 1,000,001 ብሎ ጻፈ። «ይህን ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚከፍለው የለም» አለ። ዳርና ዳር አንድ፣ መሐሉ ባዶ ሜዳ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማማ «ወላሂ ልጄ፣ ይህስ የተመረቀ ቁጥር ነው» አሉት።

ወሩ ሳይሞላ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ደሴ ላይ ተዳረች። ክፍሉ በሙሉ ሐረጎን ወጣን፤ ጉሙ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ ነጠላችንን አረጠበው። እማማ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦ «እንደ ሚሊዮን አንዱ፣ ከፋይ አይግባባችሁ።»

ሙሽራው ወደ ሙሽራዋ ጠጋ ብሎ «የምኑ ሚሊዮን?» አላት።

«ዝም ብለህ አሚን በል» አለችው።

በሳምንቱ፣ ስኳር በተጠቀለለበት ካኪ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ማካፈል ጀመርሁ። ተጠራጥሬ አልነበረም፤ ሲጸና ማየት አማረኝ። በሦስት ሳካፍለው ሁለት ተረፈ። በሰባትም ሁለት። በአሥራ አንድ ሁለት፣ በአሥራ ሦስት ሁለት። በአሥራ ሰባት አሥር ሆነና አዘንሁ፤ በሠላሳ ሰባት ያው ሁለት ተመልሶ መጣ። ማንም ያላዘዘው ሥርዓት፣ እኛ ሳንወለድ እዚያው የነበረ፣ በእርሳሴ ጫፍ ሥር ሲገለጥ ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል ድምፄን አጠፋሁ።

መቶ አንድ ላይ ስደርስ ምንም አልተረፈም። ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ደረሰው። አራት ጊዜ አባዝቼ አየሁት፤ አራት ጊዜም አንድ ሚሊዮን አንድ።

መምህርን በሰው ፊት ማረም እንዴት ይሆናል? ምርቃትንስ ማን ያፈርሳል? ወረቀቱን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትሁ። መምህሩም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ።

በዓመቱ የጓደኛዬ ባል ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። በቁጥር ሰው እንደማይሞት አውቃለሁ። ቢሆንም ፊቷን ባየሁ ጊዜ ሁሉ ምርቃቷን የሰነጠቅሁባት እኔ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

የነገርኋት ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ ነው፤ ደሴ፣ ደጇ ላይ ተቀምጠን የጠዋት ፀሐይ ስንሞቅ።

«ያ የእማማ ቁጥር ይከፈላል» አልኋት። «በመቶ አንድ። ያኔውኑ አውቄ ደብቄሽ ነበር።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «ከመቶ አንድ በፊት ስንቱን ሞከርሽ?» አለችኝ።

«ብቸኞቹን ሁሉ። ሃያ አምስት።»

«ሃያ አምስቱም አቃታቸው?»

«አቃታቸው።»

«አንቺ ደግሞ፤ ይህን ይዘሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» አለችና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ምርቃቱማ ሠርቷል። አንድ ዓመት ነው አብረን የኖርነው። በዚያች ዓመት ማንም አልገባብንም።»

ከዚያ ፀሐዩ እኔም ጋ እንዲደርስ ትንሽ ፈቀቅ አለችልኝ።