ቼሎ ተሸክሜ ከጎተራ እስከ ካዛንቺስ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ተነሥተን ወደ ካዛንቺስ ጉዞ ጀመርን። ይህም ጉዞ ሆኖ ይጻፋል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ፣ መጀመሪያ ቼሎ ተሸክሞ ደረጃ ይውረድና ከዚያ እንነጋገራለን። ቼሎ ማለት የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው፤ ተቀምጠው በጉልበት መሃል ይዘው በደጋን የሚጫወቱት፣ ቁመቱ ልጄን ረድኤትን የሚያክል ዕቃ።

የጉዞው ዓላማ እንዲህ ነው። ረድኤት ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ስትመረቅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ኳርቴት የሚሉትን የአራት ሰው ቡድን መሠረተች፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ የሚሉት ወፈር ያለ ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎ። እስካሁን ሥራቸው ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ እስኪገቡ መጫወትና የሰዉን ልጆች ሙዚቃ ማስጠናት ነበር። ዛሬ ግን ካዛንቺስ ያለ አንድ አዳራሽ ከተወዳዳሪዎቹ አንድ ቡድን መርጦ ለአንድ ዓመት በደመወዝ ይቀጥራል፣ አስተማሪም ይመድብለታል። እኔ ደግሞ ቃሌን ሰጥቻለሁ፦ ካለፈች ዝም እላለሁ፣ ካላለፈች ደምበል አጠገብ ያለው የጫማና የቀበቶ ሱቄ ትገባለች። "እሺ አባዬ" ብላለች፤ እሺ ያለው ግን አፏ ብቻ ነው።

በዚህ ቼሎ ላይ ቂም አለኝ፣ አልደብቅም። ከሥሩ የምትወጣ ሹል ብረት አለች፤ ወለሉ ላይ ተተክላ ዕቃውን ትይዛለች። ይቺ ብረት አራት ዓመት ሙሉ የሳሎኔን ሲሚንቶ ስትቆፍር ኖራ ዛሬ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለኝ። ድምፁም ቢሆን ጉም፣ ጉም፣ ጉም ነው እንጂ ዜማ የለውም። ከታች ያለው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ወርጄ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ስታዲየም

ጎተራ ላይ የታክሲው ረዳት ቼሎውን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ፋዘር፣ ይሄ ሰው ነው ዕቃ?"

"ሰው ነው!"

"እንግዲያው ሰው ከሆነ ይክፈል።"

የሦስት ሰው ሒሳብ ከፈልን። ስታዲየም ስንደርስ የካዛንቺስ ታክሲዎች ገና ከሩቅ አይተውን በሩን ይዘጉ ጀመር። ጊዜ ስለነበረን ሳምቡሳ በሻይ ቀማመስንና ሽቅብ በእግር ለመሄድ ወሰንን። ተሸካሚው፣ መቼም፣ እኔ ነኝ። የእግረኛ መንገድ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ጎረምሳ ጮኸብኝ።

"ፋዘር፣ ጊታሩ ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?"

"ያንተን ካልሲ!" አልኩትና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ስንል ረድኤትን ጠየቅኋት።

"ለመሆኑ ከአራታችሁ አለቃው ማነው?"

"አለቃ የለንም አባዬ። ማለቴ፣ ቫዮሊን የሚጫወተው ናቲ መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ እኛ ትንፋሹን ሰምተን አብረን እንገባለን። በቃ።"

በትንፋሽ የሚመራ ድርጅት አይቼ አላውቅም። ጸሎት እንደሚያስፈልጋቸው ግን ገባኝ።

ካዛንቺስ

ካዛንቺስን ካየሁት ቆይቷል። የማውቃቸው ሥጋ ቤቶችና ግቢዎች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ለብስክሌት ሳይቀር የራሱ መንገድ ተሠርቶለታል። ደንበኛዬ የነበረ ጫማ ሰፊ ሱቅ ድሮ የቆመበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። አዳራሹ አዲስ ነው፤ ወለሉ ፊት የሚያሳይ እብነ በረድ።

እነረድኤት ተጠርተው መድረክ ላይ ተቀመጡ። ናቲ ተነፈሰ፣ አራቱም አብረው ገቡ፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ብረቷ ሸርተት አለችና ቼሎው ከረድኤት ጉልበት አምልጦ ወደፊት ሄደ። በሁለት እጇ ቀለበችው፤ ሙዚቃው ቆመ።

ለካ ትምህርት ቤት ብረቷን ከወንበሩ እግር ጋር የምትይዝ ማሰሪያ ነበረች። ቤት ደግሞ ቀዳዳዬ አለች። ቀዳዳ የለመደች ልጅ ማሰሪያ መያዝ ምኑ ትዝ ይላታል!

ከዳኞቹ መካከል መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሴትዮ ቀና አሉ። "ልጆች፣ ካልቻላችሁ የሚቀጥለውን እንጥራ።"

ረድኤት ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ቆማ የጫማ ቁጥር ስትጠይቅ ታየችኝ። ቀበቶዬን እየፈታሁ ወደ መድረኩ ሄድኩ።

"አባት፣ ወዴት ነው?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"ቀበቶ ላቀብል ነው እመቤቴ! አንድ ደቂቃ ይስጡን።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይሳቁ! ቀበቶውን በዘለበቱ አሾልኬ የወንበሩን እግር ሸመቀቅሁበት፤ ረድኤት ብረቷን ጫፉ ላይ ካለችው የመጨረሻ ቀዳዳ ሰካች። ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ የለም። የራሴ ሱቅ ዕቃ ነው፣ የበሬ ቆዳ።

ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ናቲ እንደገና ተነፈሰ።

መጀመሪያ የሰማሁት ያንኑ ጉም፣ ጉም፣ ጉም ነው። "ወይ ጉድ፣ እዚህም?" አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቪዮላው ገባ፣ ቫዮሊኖቹ ከላይ መጡ፤ ያ ጉምጉምታ መሬት ሆኖ ሁሉም እሱ ላይ ቆመው ይራመዱ ጀመር። ዜማው ይኸው! ለካ እኔ አራት ዓመት ስሰማ የኖርኩት ሩቡን ነው። ቀሪው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት ውስጥ ይጠና ነበር። ከጎኔ ያሉት የሌላ ተወዳዳሪ እናት መሐረብ አቀበሉኝ፤ ማልቀሴን እንኳ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ ብቻ ሱሪዬን ይዤ "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" እያልኩ ጮህኩ። ከሰዓት በኋላ የተመረጡት እነሱ ናቸው ተብሎ ስማቸው ሲጠራ ግን በሁለት እጄ አጨበጨብኩ። ሱሪው እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም።

መልስ

አምስታችንም እዚያው ካዛንቺስ ክትፎ በላን፣ ጋባዡ እኔ። ረድኤት ቀበቶዬን ልትመልስልኝ ስትል "ከቼሎው ቦርሳ እንዳይወጣ!" አልኳትና ሱሪዬን በሲባጎ አስሬ ተመለስኩ።

ቤት ስንደርስ እናቷ በሩ ላይ ጠበቀችን። የኔን ሲባጎ አየች፣ የልጇን ፊት አየች፣ ሳትጠይቅ እልል አለች። ለሚስቴ አዳራሹን በአፍ ማስረዳት ስላቃተኝ ወንበር ሳብኩ።

"ረዲ፣ ነይ ተቀመጪ። ያችን ያንቺን ተጫወቺ።"

ብረቷን ከሲሚንቶዬ ቀዳዳ ተከለች። እሷ ጉም፣ ጉም፣ ጉም አለች፤ እኔ የቀረውን እንደሆነልኝ በአፌ አዜምኩላት። ወዲያው ከታች የመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። ረድኤት ደጋኗን አንሥታ እንደልማዷ ልታቆም አየችኝ።

"ቀጥዪ" አልኳት። "እሱ እኮ የሚሰማው ሩቡን ነው።"