ከሰማይ ያልታየኝ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ከቬሊንግቢ ወደ መሐል ከተማ ስሄድ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባናው፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስልኳ ላይ ከሳተላይት የተነሳ የባሕር ዳርቻ እያጎላች ታይ ነበር። ውሃው ሥር ያለው የኮራል ድንጋይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ለእናንተማ ምንኛ ቀለለ» አልኩ በሆዴ። በሐሳብ ስዋልል መውረጃዬን አለፍኩት።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚሁ ስቶክሆልም ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቴ ከሳተላይት ምስል ጥልቀት የሌለውን የባሕር ዳርቻ እያነበቡ ካርታ መሥራት ነው። የደሴ ልጅ፣ ከሐይቅ በቀር ሰፊ ውሃ አይቼ የማላውቅ፣ የቀይ ባሕር ሊቅ ልሆን ተነሳሁ። የምኖረው እትዬ ዘሃራ ቬሊንግቢ ካለው ቤታቸው ባከራዩኝ አንዲት ክፍል ነበር። ወሩ ረመዳን ነው፤ የስዊድን የብርድ ወራት ጀምበር ደግሞ ለመጥለቅ ትቸኩላለች። ከትምህርት ስመለስ የሳምቡሳው ሽታ ደረጃው ላይ ይቀበለኛል። ረሃቡ ሳይጀምር የሚያልቅ ደግ ጾም ነበር።

የእትዬ ዘሃራ ባል ሰይድ የሞተው አሰብ አጠገብ ጀልባ ተሰብሮ ነው። መሪውን ይዘው የነበሩት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ይማም ናቸው። እሳቸው «ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ መታን» ይላሉ፤ የወደቡ ሰዎች ግን «እዚያ ድንጋይ የለም፣ በምርቃና ፈዞ ነው» ብለው ለእትዬ ዘሃራ ነገሯቸው። ስደት ሁለቱንም እዚህ አደረሳቸው። ጋሼ ይማም ከስቶክሆልም ወጣ ብላ ባለችው ሜርስታ እየኖሩ አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ይጭናሉ። አሥራ አንድ ዓመት ቃል አልተለዋወጡም።

አንድ ቀን ጋሼ ይማም ምን እንደምማር ሰምተው ትምህርት ቤቴ ድረስ መጡና ጀልባው የተሰበረበትን ቦታ ካርታዬ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት።

«ልጄ፣ ድንጋዩ ከላይ ይታይ እንደሆነ እዪልኝ» አሉኝ። «ከታየ ለእሷ አሳዪልኝ።»

አየሁ። ምስሉ ላይ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ለሁለቱም «የለም» አልኳቸው። እትዬ ዘሃራ ከሾርባቸው ቀና ሳይሉ «እኔስ አውቄው ነበር» አሉ። ጋሼ ይማምን ያገኘኋቸው በስልክ ነበር።

«እንግዲህ ሳተላይቱ ካላየው...» አሉ። «እውነትም ፈዝዤ ይሆን?»

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሬ ምስሌን አይቶ ሳቀ። ሳተላይቱ አንዱን ቦታ በተለያየ ብርሃን ያነሳዋል፤ እኔ የመረጥኩት ውሃ ውስጥ ዘልቆ የማይገባውን ነበር። በእሱ ከታየ ጉልበት የማይደርስ ኩሬ እንኳ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መምህሬ በሰማያዊው ብርሃን የተነሳውን ሲከፍተው፣ የጋሼ ይማም እርሳስ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠመም ያለ ፈዛዛ መስመር ታየ፤ ድንጋዩ ነበር።

ምስሉን ይዤ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እትዬ ዘሃራ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ።

«አሥራ አንድ ዓመት በሰው በኩል ሲምሉልኝ አላመንኳቸውም» አሉ። «አንቺ፣ ባሕር ረግጠሽ የማታውቂ ልጅ፣ የለም ስትይኝ ግን በአንድ ራት አመንኩሽ። በይ ተነሺ።»

በፔንደልቶጉ ባቡር እስከ ሜርስታ ድረስ ሄድን። ጋሼ ይማም በሩን ሲከፍቱ እትዬ ዘሃራ ምስሉን ዘረጉላቸው። ጋሼ ይማም ምስሉን አላዩትም።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» አሏቸው።

ጋሼ ይማም ካረፉ ቆዩ። ያኔ ጥፋቴን ያነሳብኝ አልነበረም፤ እንዲያውም አስታራቂ ተብዬ ተመረቅሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። የጀልባው ወለል ሲሰነጠቅ በገዛ እግራቸው የተሰማቸው ሰው፣ አንዲት ተማሪ «የለም» ስላለቻቸው፣ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ እያሉ ሦስት ሳምንት አደሩ። «አልታየኝም» ማለት እችል ነበር።