በአያ ይመር ስም የተላከው መልእክት

ትናንት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ የላኪውን ስም ጽፎ ከላከ ሰርቨሩ እንደገና ማረጋገጡ ለምንድን ነው? ሥራ ማብዛት እኮ ነው» አለኝ። ጮኽኩበት። ልጁ ክው አለ፤ እኔም አፈርኩ። ግን ምን ላድርግ፣ ይህን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ ቆቦ ውስጥ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ላይ ተቀጠርኩ። የውሃ አባት የሚባለው፣ ገበሬው የውሃ ተራ እንዲያዳርስ የመረጠው ሽማግሌ፣ በስልኩ «ዛሬ ለእገሌ» ብሎ ይልካል። መልእክቱ ሰርቨር የምንለው፣ ቢሯችን ያለ ዋና ኮምፒውተር ዘንድ ይደርሳል፤ ሰርቨሩ ለፓምፕ ሠራተኛው ያስተላልፋል። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስልኮቹ ሁሉ የሚገቡት በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ላኪው ማን እንደሆነ የሚጽፈው ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ያምናል። እኛ አገር «እገሌ ልኮኝ ነው» ብሎ የመጣን ማን መልሶ ያውቃል? በሬም ቢሆን ፈትተው ይሰጡታል። እኔም ባደግኩበት ልማድ ሠራሁት፣ ቂል!

የጎብዬ አካባቢ የውሃ አባት አያ ይመር ነበሩ። በጥቅምት ስሄድ ጥንቅሽ እየላጡ ያቀብሉኝ ነበር፤ ጣፋጩ ውሃ እስከ ክርኔ ይወርዳል።

በመጋቢት፣ የቆላው ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ በእሳቸው ስም የዘሀራን ተራ ለሌላ የሚያዞር መልእክት ሦስት ጊዜ ተላከ። ዘሀራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት ያው የሽንኩርት ማሳዋ ነው። እሱም ደረቀ። አያ ይመርን ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰቻቸው።

ከጉባኤው በፊት መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። መልእክቱ ከእሳቸው ስልክ ይምጣ ከሌላ የሚለይ ምንም ነገር የለም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ ይመር መሆን ይችላል። ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ዝም በል! ፕሮጀክቱን ልታዘጋ ነው? መዝገቡ የሚያሳየውን ብቻ ተናገር» አለኝ።

ጉባኤው በተቀመጠበት ሾላ ሥር ዘሀራ ቆማ «አንቱም ሽማግሌ ተባሉ! ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ስትል እሳቸው «ወላሂ አልላክሁም» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱ «ልጁ ይናገር፣ የተማረ ነው!» አለ።

«መዝገቡ ላይ ያለው የአያ ይመር ስም ነው» አልኩ። ውሸት የለበትም፤ ከውሸት የከፋ ነበር።

እዚያው ከውሃ አባትነታቸው ሻሯቸው። ሰው ሲበተን ሰላም ልበላቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጡኝም። «ስሜን ለማንም አደልኸው፤ ከዚያ ደግሞ መሰከርህብኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ፕሮግራሙን በሳምንቱ አስተካከልኩት። ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ ቁልፍ ተሰጠው፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው መልእክቱ ይመሰጠራል፤ ሰርቨሩም የላኪውን ስም ካረጋገጠው ቁልፍ ያወጣል እንጂ መልእክቱ ላይ የተጻፈውን አያምንም። ተመሰገንኩ። እኔም ሳላፍር ምሳ ጋበዝኩ፣ ይታያችሁ!

ከሁለት ዓመት በኋላ አያ ይመር መሞታቸውን ዋጃ ከተማ ሆኜ ሰማሁ። ለቅሶ ልደርስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሳይነሳ ወረድኩ። በምን ዓይኔ ልጆቻቸውን ልይ?

ዛሬ ጠዋት ወጣቱን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደጮኽኩ ግን አልነገርኩትም። ያን መልእክት ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጥፋቱን በፕሮግራሙ እያላከክሁ ስጽናና ኖሬያለሁ። ሾላው ሥር የመሰከረው ማን እንደሆነ ግን አገር ያውቃል። በገዛ አፌ፣ በገዛ ስሜ ነው የተናገርኩት።