ከአማን ኮምቦልቻ፣ በጣት ሲለካ

ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ ጀበል ሑሴን ሰፈር ያለ ሐበሻ ከአብራሪ ይልቅ የሚያምነው ሳቢራን ነው። አውሮፕላን አታስነሳ፣ አታሳርፍ፤ ሙያዋ በሰዓት እየተከፈላት ቤት ማጽዳት ብቻ ነው። የተሳፈረችውማ በዕድሜዋ አንዴ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ወደዚህ ስትመጣ ነው።

ዕውቀቱን የሸመተችው ዴር ግባር የሚባል የሀብታም ሰፈር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከምታጸዳው የጡረተኛ አውሮፕላን አብራሪ ቤት ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አገር የሚያህል ካርታ ተሰቅሏል። አቧራውን ስትጠርግ ጣቷን ደርድራ ስትለካ አዩዋትና "አንዱ ጣት አርባ ደቂቃ ይበረራል" አሏት። ከዚያ ወዲህ ዓለም በእጇ ገባ። ከአማን አዲስ አበባ ስድስት ጣት። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ የእናቷ አገር፣ አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። መኪና አጣቢው ኑሩ እዚሁ አጠገብ ያለችው ዘርቃ ከተማ በሰርቪስ ታክሲ ለመሄድ እንኳ "ሳቢ፣ ስንት ጣት ነው?" እያለ ያስቃል።

ቀልዱ የሚቆምበት ቦታ ግን አለ። ከአገር ቤት "ታመዋል" የሚል ስልክ የመጣበት ሰው ወደ ሳቢራ ይሮጣል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይደረሳል?" ሙስሊም ሬሳ አያሳድርማ። በረራውን፣ ቦሌ የሚታደረውን ሌሊት፣ ከአየር ማረፊያው እስከ ቤት ያለውን መንገድ ደምራ፣ ወይ "ይደረሳል" ወይ "ዱዓ አድርጊ" ትላለች።

የራሷንም ሒሳብ ከያዘች ቆይታለች። እናቷ "እኔን ስሞት ከአንቺ ሌላ ሰው እንዳያጥበኝ፣ አደራ" ብለዋታል። "አታስቢ እማ፣ ሰባት ጣት አትሞላም" ትላቸዋለች በስልክ።

ዓርብ፣ ሱብሂ እንደተሰገደ በሯ ተንኳኳ። ኑሩ ነው፤ ጎረቤቷ ፋጡማም ባዶ ሻንጣ ይዛ ከኋላው ቆማለች።

"እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል" አለች ፋጡማ። "ትኬትሽ ተቆርጧል፤ ዛሬ ማታ ነው።"

ሳቢራ አልጮኸችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠር ጀመረች።

"ስድስት ጣት… ሌሊቱን ቦሌ ነኝ። ጠዋት ኮምቦልቻ። ከዚያ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት። ነገ ረፋዱ ላይ አጠገቧ ነኝ።"

ቀና ብላ ጥያቄውን ጠበቀች። ፋጡማ የሻንጣውን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዘርቃን በጣት የሚያስለካው ኑሩ ጫማውን ያያል።

"ምነው ኑሩ፣ ይደረሳል ወይ አትለኝም?"

ይህን ጫማ የማየት ነገር ታውቀዋለች። እሷም መርዶ ልታረዳ ሰው ቤት ስትሄድ እንዲሁ ጫማዋን ታይ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

"መቼ ነው?"

"ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ" አለ ኑሩ። "ዐሱር ሶላት ላይ ተቀበሩ።"

"ማን አጠባት?"

"ጎረቤቶቻቸው" አለች ፋጡማ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። "በደንብ፣ በክብር ነው ያጠቧቸው፤ ጠይቄያለሁ።"

ትናንት ሐሙስ ነበር። በዚያ ሰዓት ሳቢራ ካርታው ፊት ቆማ፣ በእርጥብ ጨርቅ የኮምቦልቻን አቧራ እየጠረገች ነበር። መዳፏን ገልብጣ አየችው። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ሁለቱም ሳይከለክሏት፣ "በቃ" ሳይሏት አለቀሰች።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ኑሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሳቢ… ለሦስተኛው ቀን ዱዓስ ይደረሳል?"

ጣት አልቆጠረችም።

"ይደረሳል" አለችና ሻንጣውን ከፋጡማ እጅ ተቀበለች።